ዳይሬክት ድራይቭ መሪ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሲገባ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2018

አሮጌውን መሪ ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። አምስት ዓመት ያህል ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ የነዳሁበት፣ ለኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ የሚሆን መሪ ነው። ሲከፈት ነገሩ ቀላል ነው። ትንንሽ ሞተሮች አሉ፣ ሞተሮቹ ጥርስ ያዞራሉ፣ ጥርሱ ደግሞ የመሪውን ዘንግ። የጥርሶቹ ጫፍ ተበልቷል። ግራሶ ቀብቼ መልሼ ገጠምኩት። ድምፁ ትንሽ ቀነሰ። መሃል ላይ ያለው ክፍተት ግን እንዳለ ነው።

ያስመረረኝ ይሄ ክፍተት ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ ሳወዛውዘው እጄ ላይ ምንም አይመጣም። ከዚያ ድንገት "ቀጭ" ይላል። የፊት ጎማ መሬቱን መልቀቅ ሲጀምር የምትመጣው ምልክት ደግሞ በጣም ትንሽ ናት። እዚያ ክፍተት ውስጥ ገብታ ትቀራለች። እኔ የማውቀው መኪናው ሣር ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

ስለዚህ ወሰንኩ። ዳይሬክት ድራይቭ እገዛለሁ።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት ሰው፦ ዳይሬክት ድራይቭ ሲባል በመሪውና በሞተሩ መካከል ጥርስም ቺንጋም የለም። መሪው የሚታሰረው በቀጥታ ሞተሩ ዘንግ ላይ ነው። ሞተሩ ትልቅ ነው፣ ብሩሽ የለውም፣ ዘንጉ የት እንደደረሰ የሚከታተል ኢንኮደር አለው። ጨዋታው "ጎማው ይህን ያህል እየገፋ ነው" ብሎ ሲልክ፣ መልእክቱ በመንገድ ላይ ሳይሸራረፍ እጅ ላይ ይደርሳል። ለብዙ ጊዜ ይሄ ዕቃ ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው ብቻ የሚገዛው ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ፋናቴክ የሚባለው ድርጅት ሲኤስኤል ዲዲ የተባለውን ሞተር በ350 ዩሮ ገደማ ሲያወጣ ነው ነገሩ ወደ እኛ መውረድ የጀመረው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

የትኛውን ልግዛ ብዬ ሦስት ቀን ስደምር ስቀንስ ከረምኩ። የእነዚህ መሪዎች ጉልበት የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። ሲኤስኤል ዲዲ በመደበኛው የኃይል መስጫ 5፣ በትልቁ 8 ነው። ሞዛ የሚባለው ድርጅት የሚሠራው አር5 5.5 ነው። አር9 9፣ አር12 ደግሞ 12። የሎጊቴክ ጂ ፕሮ 11 ነው። በጥርስ የሚሠሩት የለመድናቸው መሪዎች ወደ 2 አካባቢ ናቸው።

ቁጥሩ ለብቻው ምንም አይነግርም። ወደ ኪሎ ሲቀየር ነው ትርጉም የሚሰጠው። የመሪው ስፋት 28 ሳንቲ ከሆነ ከመሃል እስከ ጠርዝ 14 ሳንቲ ነው። 5.5ን ለ0.14 ስናካፍል 39 ኒውተን ይመጣል፣ ማለትም መሪው ጠርዝ ላይ 4 ኪሎ ያህል። በ12 ኒውተን ሜትር ወደ 9 ኪሎ ይጠጋል። አሮጌው የእኔ መሪ 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው የሚሰጠው። 4 ኪሎ በሁለት እጅ ለአንድ ሰዓት ስትታገለው ትንሽ አይደለም።

አር5ን መረጥኩ። በአንድ ካርቶን ሞተሩ፣ መሪው፣ ሁለት ፔዳልና ጠረጴዛ ላይ ማሰሪያው አብሮ ይመጣል። ሌላው ምክንያት ሻንጣ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ እየመጣች ነው። ሁለት ሻንጣ አላት፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። አንደኛውን ለእኔ ለቀቀችልኝ። እግዜር ይስጣት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

መጣ። ቦሌ ላይ ቀረጡን ከፈልን፣ ደረሰኙን ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሞተሩ በእጅ ሲያዝ ድፍን ብረት ነው። መብራት ሳይሰካ መሪውን አዞርኩት። ዝም ብሎ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ማቆሚያ የለውም። "ቀጭ" የምትል ነገር የለችም። እንደ አዲስ ኩሽኔት ነው። ቁጭ ብዬ ዝም ብዬ ሳዞረው ቆየሁ።

ማታ ጠረጴዛዬ ላይ አሰርኩትና ጨዋታው ውስጥ ያለውን የጣሊያን የውድድር መንገድ፣ ሞንዛን፣ ስድስት ዙር ነዳሁ። ስለ ስሜቱ ዛሬ አልጽፍም። ቸኩዬ የምጽፈው ይሆንብኛል።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ጠረጴዛው ተሰነጠቀ። ቺፑድ ነው። ማሰሪያው የነከሰበት ጠርዝ ላይ መጀመሪያ የተለጠፈው ሽፋን አበጠ፣ ከዚያ ውስጡ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ሆነ። ጥፋቱ የማሰሪያው አይደለም። ቺፑድ ለላፕቶፕ እንጂ ግራና ቀኝ ለሚታገል ሞተር አልተሠራም። ይሄን ዕቃ ለመግዛት ያሰበ ሰው ካለ ከመሪው በፊት የሚያስቀምጥበትን ያስብ። እኔ ገንዘቤን ስከፋፍል የማስቀመጫውን ረስቼው ነበር።

የአልሙኒየም ፕሮፋይል የሚባለውን፣ ውጭ አገር ብዙ ሰው የመሪ ማስቀመጫ የሚሠራበትን፣ ሁለት ቦታ ጠየቅሁ። የመስኮትና የበር አልሙኒየም ነው የሚያሳዩኝ። ከዚያ ለምን እደክማለሁ አልኩ። ይሄ ከተማ የቱቦላሬ ከተማ ነው። የግቢው በር፣ የደረጃው ድጋፍ፣ የሱቁ መደርደሪያ፣ ሁሉ ቱቦላሬ ነው። የእኔም ይሁን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ካርቶን ላይ ሣልኩት። ርዝመቱ 120 ሳንቲ፣ ስፋቱ 50። በአንድ በኩል መሪው የሚቆምበት፣ በሌላ በኩል ወንበር። የቤታችን በር 80 ሳንቲ ነው፣ ሊፍት የለንም፣ እኔ ያለሁት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ስለዚህ ሁለት ቦታ ተከፍሎ በብሎንና በዳዶ የሚገናኝ አደረግኩት። የሞተሩን የብሎን ቀዳዳዎች ለመለካት ሜትር አልተጠቀምኩም። ወፍራም ወረቀት ከሥሩ አድርጌ ቀዳዳዎቹን በእርሳስ አተምኩ። ያው ወረቀት ለበያጁ ተሰጠ። በአፍ ከመንገር ይሻላል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

መርካቶ ዋልኩ። 40 በ40 ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ። አንድ ቤርጋ 6 ሜትር ነው፣ ሁለት ገዛሁ። 2 ሚሊውን መውሰድ ነበረብኝ፣ ነጋዴውም "ጨምርና ወፍራሙን ውሰድ" ብሎኛል። ከሁለቱ የዋጋ ልዩነት በኋላ ያወጣሁት በለጠ። ለሞተሩ መቀመጫ 5 ሚሊ ላሜራ ቁራጭ አገኘሁ።

ከዚያ ሱማሌ ተራ ወንበር ፍለጋ። እንደገባሁ የቪትዝ ወንበር ተደርድሮ አገኘሁ። ከተማው ቪትዝ በቪትዝ ስለሆነ ወንበሩም እንደዚያው ነው። አንዱን ቁጭ ብዬ ሞከርኩት። መንሸራተቻ ሐዲዱ አብሮት ነበር፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሐዲድ ከሌለው ቁመቱ የሚለያይ ሰው በመጣ ቁጥር ብሎን መፍታት ነው። ሻጩ ለምን እንደፈለግኩት ጠየቀኝ። ለኮምፒውተር ጨዋታ ስለው አየኝና "መኪና ከሌለህ ወንበሩን ምን ልታደርገው ብዬ ነው" አለ። ረጋ ብዬ አስረዳሁት። ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳሳየው ጎረቤቶቹን ጠራ። በመጨረሻ ዋጋውን ቀነሰልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ብየዳ። በያጁ ጎበዝ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም በነጥብ በነጥብ ያዘው፣ በስኳድራ ለካ፣ ከዚያ ተራ በተራ፣ አንዴ ከዚህ አንዴ ከወዲያ በየደው። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው ቢሄድ ብረቱ በሙቀት ይጠመዝዛል ብሎ አስተማረኝ። አንቲረስት ቀባን፣ ከላይ ጥቁር ቀለም። ወንድሜና እኔ ሁለት ዙር አድርገን ሦስተኛ ፎቅ አወጣነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ዛሬ ሙሉ ቀን ነዳሁ። አንድ ነገር ቅር አለኝ። ኩርባ ላይ መሪው ከብዶ ሳለ ከፊቴ ያለው ሞተር አብሮኝ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ዓይኔን አላመንኩትም። እርሳስ በፕላስተር የሞተሩ መቀመጫ ጫፍ ላይ አሰርኩ። የእርሳሱ ጫፍ የሚነካው ቦታ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ወረቀት ለጠፍኩ። ሁለት ዙር ነድቼ አየሁ። ወረቀቱ ላይ ወደ ጎን የተሰመረ ጥቁር መስመር አለ። በማስመሪያ ለካሁት፦ 6 ሚሊ።

6 ሚሊ ሲያዩት ትንሽ ነው። ግን አሮጌው መሪ ላይ የተማረርኩበት ክፍተት ከዚህ አይበልጥም ነበር። ሞተሩ እጄን በመግፋት ፈንታ የራሱን እግር እየጠመዘዘ ነው። መንገዱ ላይ ያለች ትንሽ ንዝረት ብረቱ ውስጥ ትቀራለች። ጥርስና ቺንጋን አስወግጄ በምትኩ የሚወዛወዝ ቱቦላሬ አስገብቻለሁ ማለት ነው። የመሪው ማስቀመጫ የመሪው አካል ነው። ይሄን ስለ ሲም ሬሲንግ፣ ማለትም በኮምፒውተር ስለሚነዳ የመኪና ውድድር፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከእንግዲህ መጀመሪያ የምናገረው ነገር አድርጌዋለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

በያጁን ቤት ድረስ ማምጣት አልችልም፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብየዳ ጎረቤት ያስቆጣል። የፊተኛውን ግማሽ ፈትተን እንደገና ወረድን። ከእያንዳንዱ ቋሚ ወደ ታችኛው ፍሬም ሰያፍ ድጋፍ ተበየደለት፣ ሦስት ማዕዘን እንዲሠራ። ሁለቱን ቋሚዎች ከላይ የሚያገናኝ አንድ አግዳሚም ተጨመረ። ይሄኛው ብረት 2 ሚሊ ነው።

ማታ እርሳሱን መልሼ አሰርኩ። ወረቀቱ ላይ ነጥብ ብቻ አለ። ማስመሪያው ላይ የማይነበብ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ዛሬ የሴቲንግ ቀን። ረዘም አድርጌ የምጽፈው ብዙ ሰው እዚህ ላይ እንደሚቸገር ስለማውቅ ነው።

የምነዳው በአብዛኛው አሴቶ ኮርሳ የሚባለውን የመኪና ጨዋታ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2014 የወጣውን። ከአሮጌው መሪ የቀሩ ቁጥሮች ጨዋታው ውስጥ እንዳሉ ነበሩ። ሚኒመም ፎርስ የሚባለው 15 በመቶ ላይ ነው። ይሄ ለምን እንደተሠራ መረዳት ያስፈልጋል። በጥርስ የሚሠራ መሪ በጣም ትንሽ ጉልበት ሲላክለት አይንቀሳቀስም፣ ጥርሱንና ፍትጊያውን ማሸነፍ አለበት። ስለዚህ ጨዋታው ትንሿን መልእክት ከፍ አድርጎ ይልካል። ዳይሬክት ድራይቭ ግን ትንሿን መልእክት እንዳለች ይሰማል። በ15 በመቶ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ መሪው መሃል ላይ እንደ ብርድ የያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ። ወደ 0 አወረድኩት። ወዲያው ቆመ።

ቀጥሎ የጠርዝ፣ የመንገድና የመንሸራተት ተጨማሪ ንዝረቶች። እነዚህ ጨዋታው ደካማ መሪ ላይ ለሚጫወት ሰው የጨመራቸው ቅመሞች ናቸው። ሁሉንም 0 አደረግኩ። ቅመሙ ሲወጣ ሥጋው ራሱ ጣዕም እንዳለው ታወቀ። የሞንዛ የመጀመሪያዋ ጠባብ ኩርባ ጋ ፍሬን ስይዝ አስፋልቱ ላይ ያሉት ጎርባጣዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ከዚያ ክሊፒንግ። ጨዋታው ሞተሩ ከሚችለው በላይ ጉልበት ከጠየቀ ሞተሩ ጣራውን ነክቶ እዚያው ይቆማል። ከጣራው በላይ ያለው ልዩነት ሁሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። ኩርባ ውስጥ መሪው ከባድ ነው፣ ግን ዲዳ ነው። አሴቶ ኮርሳ ውስጥ የፔዳሎቹን እንቅስቃሴ የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለች። አራተኛዋ አምድ የመሪው ጉልበት ናት። ጣራ ስትነካ ቀይ ትሆናለች። የእኔ ረጅም ኩርባ ሁሉ ላይ ቀይ ነበረች። የሞተሩን ራሱን፣ ፒት ሃውስ በሚባለው የሞዛ ሶፍትዌር፣ 100 ላይ ትቼ የጨዋታውን ጉልበት ቀስ በቀስ ቀነስኩ። አሁን ቀይ የምትሆነው የመንገዱን ጠርዝ ስወጣ ብቻ ነው።

የመጨረሻው፣ እጅ ለቅቄ ቀጥ ብዬ ስነዳ መሪው ራሱን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለ እየሰፋ ይወዛወዛል። ይሄ በዳይሬክት ድራይቭ የተለመደ ነው። ሞተሩ በመጠኑ እንዲይዘው ዳምፒንግ ጥቂት ጨመርኩ። ብዙ ሲጨመር መሪው ማር ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ያ ደግሞ የከፈልኩበትን ስሜት ያጠፋል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

በዙሩ መሃል መሪው ድንገት ለቀቀ። ኮምፒውተሩ ዩኤስቢው የተነቀለ ያህል ድምፅ አሰማ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደገመ። ሦስተኛ ጊዜም።

አንድ በአንድ ሄድኩበት። የመሪው ገመድ በዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል ነበር የሚያልፈው፣ አወጣሁትና በቀጥታ ኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ ሰካሁት። ገመዱ ከመብራት ገመዱ ጋር ተጠምጥሞ ነበር፣ ለያየኋቸው። ትልቅ ሞተር በፍጥነት ሲሠራ ዙሪያው ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻ ይፈጥራል፣ የዩኤስቢ ገመድ ደግሞ ያንን ይለቅማል። ጉዳዩ በአብዛኛው ተፈታ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም።

ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ። ሶኬቱን ከፍቶ ሲያይ የኤርዙ ገመድ ግድግዳው ውስጥ አለ፣ ከሶኬቱ ጋር ግን አልተገናኘም። አገናኘው። የብረት ፍሬሙንም ከኤርዝ ጋር አሰረልኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልለቀቀም። ይሄን ሥራ ግን ማንም ራሱ አይሞክረው። 220 ቮልት ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

መብራት ሄደ። ኩርባ ውስጥ ነበርኩ። መሪው በእጄ ውስጥ እንደ ሞተ ነገር ቀለለ። ሕግ አወጣሁ፦ መብራት ሲሄድ ከዲቫይደሩ ይነቀላል። ሲመለስ ከአምስት ደቂቃ በኋላ፣ በስታብላይዘር በኩል፣ እጅ መሪው ላይ ሳይሆን ይሰካል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

የሚካኤል ቀን። ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ጭሱ በመስኮት ገባ። በ1911 ከተማዋን ካራገፈው የኅዳር በሽታ ጊዜ የቀረ ልማድ ነው ይላሉ ትልልቆቹ። መስኮቱን ዘግቼ ስነዳ ዋልኩ።

እውነቱን ልጻፍ። በአዲሱ መሪ ከአሮጌው ይልቅ ዘገምተኛ ነኝ። ሞንዛ ላይ፣ በዚያው በቢኤምደብሊው ኤም3 ኢ30፣ ከጥሩ ሰዓቴ ከአንድ ሰከንድ በላይ ዘግይቻለሁ። ክንዴ ያመኛል። ምክንያቱን ያገኘሁት ከሰዓት በኋላ ነው። መሪውን ጨምድጄ ነው የያዝኩት። ኃይሉ ደስ ስላለኝ ከሚገባው በላይ ከፍ አድርጌዋለሁ፣ እጄ ደግሞ እየታገለ ስለሆነ መስማት አይችልም። የጨዋታውን ጉልበት ወደ 60 አወረድኩ። በጣቶቼ ብቻ መያዝ ጀመርኩ። ስድስተኛው ዙር ላይ ከጥሩ ሰዓቴ በአራት ዐሥረኛ ሰከንድ አሻሻልኩ።

ሰው ስለ ዳይሬክት ድራይቭ ሲያወራ ስለ ጉልበቱ ነው የሚያወራው። እኔም ስገዛ እንደዚያ ነበርኩ። አሁን ጉልበቱን ቀንሼ ነው የምነዳው፣ የገዛሁትም ጸጥታውን መሆኑ ገብቶኛል። ጥርሱ "ቀጭ ቀጭ" ሲል የሚሸፍነው ወሬ አሁን ይሰማል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

በሩ ተንኳኳ። እታች ያሉት እማማ ናቸው። "ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ቡና ትወቅጣለህ እንዴ?" አሉኝ።

ፍሬኑ ነው። በረገጥኩት ቁጥር ብረቱ ወለሉን ይመታል፣ የእኔ ወለል ደግሞ የእሳቸው ጣራ ነው። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። በርባሶ ከሚሠሩት ሰዎች ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ስድስት ቁራጭ አስቆረጥኩ። አራቱን ከፍሬሙ እግር ሥር፣ ሁለቱን ከፔዳሉ ሥር አደረግኩ። ማታ ወንድሜ እንዲረግጥ አድርጌ እኔ እታች ወርጄ ከእማማ ጋር ጣራውን አዳመጥን። ምንም አልተሰማም። ቡናው ግን ቀርቦ ስለነበር ጠጥቼ ወጣሁ።

ጋሼ፣ ባለቤታቸው፣ ከሶፋው ላይ ሆነው ሲሰሙ ቆይተው "ምንድን ነው የምትነዳው?" አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ላዳ የነዱ ሰው ናቸው። ሰማያዊና ነጭ ላዳ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቅ እንዲሉ ለመንኳቸው።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ጋሼ ነጠላቸውን አጣጥፈው አልጋው ላይ አስቀመጡና ወንበሩን ዳበሱ። "የቪትዝ ነው።" ተቀመጡ። ያለ ማንም እርዳታ ሐዲዱን ስበው እግራቸውን ለኩ። የእጃቸውን አንጓ መሪው አናት ላይ አሳርፈው ክርናቸው መታጠፉን አዩ። እኔ ይሄን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ሳነብ ነበር።

ሞንዛ ለእሳቸው ፈጣን ነው ብዬ ትሬንቶ ቦንዶኔን ሰጠኋቸው። ጣሊያን አገር ያለ ተራራ ነው፣ 17 ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ ዳገት ጋር፣ በጠባብ አስፋልት፣ ጥምዝ በጥምዝ። "እንጦጦ ነው እንዴ?" አሉ። መኪናዋ ኢ30 ናት፣ እንደ ላዳ የኋላ ጎማ ነጂ።

ገና ሳይነሱ መሪውን ግራ ቀኝ አዞሩ። ፊታቸው ቅር አለው።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ቆሞ ለምን ይቀላል? ላዳ እኮ ቆሞ ነው የሚከብደው።"

ትክክል ናቸው። ፓወር ስቲሪንግ የሌለው መኪና ሲቆም ጎማው አስፋልቱ ላይ እየተፋተገ ስለሚዞር ይከብዳል፣ ሲሄድ ይቀላል። ይሄ ጨዋታ ላይ ተገላቢጦሽ ነው። መኪናው ሲቆም መሪው ባዶ ነው። ለዓመታት ስጫወት አንድም ቀን ልብ አላልኩትም።

ተነሡ። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ "አሃ፣ አሁን መጣ" አሉ። ከጥምዙ ሲወጡ መሪውን በእጃቸው አልመለሱትም። ጣታቸውን ላላ አደረጉለት፣ መሪው በመዳፋቸው ውስጥ እየተንሸራተተ ራሱ ተመለሰ። የላዳ ሾፌሮች ሲያደርጉት ልጅ ሆኜ ከኋላ ወንበር አይ የነበረው እጅ ነው። አሮጌው መሪ ላይ ይሄ አይታሰብም ነበር፣ መሃል ላይ "ቀጭ ቀጭ" ይላል።

ከዚያ አንዱ ጠባብ ጥምዝ ላይ ትንሽ ፈጥነው ገቡ። መኪናው ገና ምንም አልሆነም። የጎማ ድምፅም የለም። ጋሼ ግን ነዳጁን ለቀቁ፣ መሪውን ደግሞ በጥቂቱ ፈቱለት። ከዚያ በኋላ ነው ጎማው ሲጮህ የሰማሁት። መኪናው መስመሩን ይዞ አለፈ።

"እንዴት አወቁ?" አልኳቸው።

"ቀለለኛ። መሪ ሲቀልህ አትመነው። ጎማው ሊለቅህ ነው። በክረምት ከእንጦጦ ስትወርድ እኮ እንዲሁ ነው፣ መጀመሪያ እጅህ ነው የሚያውቀው።"

መጽሐፉም የሚለው ይሄንኑ ነው። ጎማ ሲታጠፍ መሬቱን የሚገፋበት ነጥብ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ያ ርቀት ነው መሪውን ወደ ቀጥታው የሚመልሰው። ጎማው ወደ አቅሙ ጫፍ ሲጠጋ ያ ነጥብ ወደ መሃል ይሸሻል። ስለዚህ ጎማው ከመልቀቁ ቀድሞ መሪው ይቀላል። ምልክቷ አጭር ናት፣ ትንሽ ናት፣ አሮጌው መሪ ክፍተት ውስጥ ገብታ ትቀር የነበረችው እሷ ናት። ጋሼ ጨዋታ ነክተው አያውቁም፣ በመጀመሪያ ቀናቸው አገኟት። እኔ አምስት ዓመት ነድቼ ዛሬ ነው ምን እንደምፈልግ ያወቅሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ሦስት ማታ ቦንዶኔን ብቻ ነዳሁ። ሰዓት አልያዝኩም። ስክሪኑን ሳይሆን መቅለሏን ነው የጠበቅኩት። መጀመሪያ ከአሥር አንዴ ነበር የምይዛት። ዛሬ ከግማሽ በላይ ያዝኳት። አሴቶ ኮርሳ ኮምፒቲዚዮኔ የሚባለውን ሌላ ጨዋታም ሞከርኩ፣ እዚያ ጉልበቱን እንደገና ማስተካከል ይፈልጋል። ለሌላ ጊዜ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ለአሴቶ ኮርሳ ሰዎች በነጻ የሠሯቸው ብዙ መኪኖች አሉ። ላዳ ፈልጌ አገኘሁ። ጋሼ ከጽዮን ማርያም መልስ መጡ፣ እማማም አብረው ወጡ፣ ጀበናውን ይዘው።

ጋሼ የላዳዋን የውስጥ ክፍል ስክሪኑ ላይ ሲያዩ ለትንሽ ጊዜ ምንም አላሉም። ቀጫጭኑን መሪ፣ የፍጥነት መለኪያውን አዩ። ከዚያ ነዱ። ሁለት ኪሎ ሜትር ከወጡ በኋላ "ይሄ የእኔ አይደለም" አሉ። "የእኔ ላዳ መሪ ሁለት ጣት ያህል ሳይዝ ይዞር ነበር። ይሄ ወዲያው ይይዛል።"

ያቺ ሁለት ጣት፣ በአሮጌ ላዳ መሪ ሳጥን ውስጥ ሲበላ የሚመጣ ክፍተት፣ እኔ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ከቤቴ ለማስወጣት ስደክም የከረምኩባት ነገር ናት። ነገርኳቸው። "ለመድነው እንጂ ማን ይወደዋል" አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ።

አንድ ቅሬታ ግን አላቸው። ፍሬኑ። የእሳቸው የድሮ ላዳ ፍሬን በእግር ጉልበት ብቻ ነበር የሚይዘው፣ ረዳት አልነበረውም። የእኔ ፔዳል ደግሞ የሚለካው ምን ያህል እንደተጫነ ሳይሆን ምን ያህል እንደወረደ ነው፣ ሞላውም ለስላሳ ነው። ጋሼ ሲረግጡት እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ አራቱም ጎማ ይቆለፋል። ለእኔ ተስማምቶኝ ነበር። አሁን አይስማማኝም፣ እሳቸው ሲረግጡት አይቻለሁና።

ከቡናው በኋላ ፔዳሉን ፈታሁት። የሞላውን ስፋትና ርዝመት በማስመሪያ ለክቼ ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ቅዳሜ ሱማሌ ተራ ወርጄ በዚያው ልክ ጠንከር ያለ እፈልጋለሁ።